ሰው ያረፍዳል ብዬ የያዝኩት ቀጠሮ

ባለፈው ዓርብ ከምሳ በኋላ መቐለ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ካለው የልጄ ሱቅ ጎራ አልኩ። ልጄ ሰላም ሙሽራ አስዋቢ ናት፤ ፀጉር ትሠራለች፣ ፊት ታኳኩላለች፣ የሠርግ ቀን ሲሆን ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከአንዱ ሙሽራ ቤት ወደ ሌላው ትሮጣለች። በሩን ስገፋው የተተኮሰ ፀጉርና የጥፍር ቀለም ሽታ ተቀበለኝ። የደንበኛዋን ፀጉር እየጠቀለለች፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣ «ና አባ፣ ግባ፣ አምስት ደቂቃ አለኝ» አለችኝ። አምስት ደቂቃ! የወለድኳት እኔ እንደ ባለጉዳይ በደቂቃ ተሰፈረልኝ። ለሥራ ፈጣሪዎች የተዘጋጀ የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጣ ከተማረች ወዲህ ልጄ እንዲህ ሆናለች። ስትበላ ስልኳ ይጮኻል፣ ጋደም ስትል ስልኳ ይጮኻል፣ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ወሬው ሳይሞቅ ስልኳ ጮኾ ያስነሣታል።

ደንበኛዋ ስትወጣ አጠገቤ ቁጭ አለችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «እሑድን ተመልከታት» አለች። እሑድ በቀለም ተከፋፍላለች። አረንጓዴው እዚሁ ዓዲ ሓቂ ያለች ሙሽራ ናት፤ ቢጫው ሰሜን ሰፈር፤ ቀዩ ደግሞ ወደ ቃላሚኖ በሚወስደው መንገድ። መነጽሬን አውጥቼ ሰዓቶቹን አየሁና ደገምኩ።

«ሦስት ሙሽራ በአንድ ቀን?»

«ጥር ነው እኮ አባ። ሰዉ ስንት ዓመት ሳያገባ ከርሞ አሁን ሁሉም በአንዴ ነው የተነሣው።»

«ሰዓታቸው አይጋጭም እንዴ? ይቺኛዋ ሳታልቅ ያቺኛዋ ትጀምራለች።»

«ለነሱ በነገርኳቸው ሰዓት ከሆነ ይጋጫል» ብላ ሳቀች። «ግን ማን በሰዓቱ ይጀምራል ብለህ ነው? እያንዳንዳቸው ላይ መዘግየቱን አስቤ ጨምሬበታለሁ። አይዞህ፣ እኔ የዚህን አገር ሰው አውቀዋለሁ።»

እውነቱን ልናገር፣ ደነገጥኩ። ልጄ ብልጥ ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች፣ በዚያ ክፉ ጊዜ ሱቋን ዘግታ፣ ቆይታ፣ እንደገና ከባዶ የከፈተች ልጅ ናት። የደነገጥኩት ስለ እሷ ሞኝነት አይደለም። ያቺ «እኔ የዚህን አገር ሰው አውቀዋለሁ» የምትል ንግግር የእኔ ስለሆነች ነው። እሷ ሳትወለድ እኔ ስናገራት ኖሬያለሁ፤ እየሳቅኩ፣ እንደ እሷው አድርጌ።

ያኔ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ዘመኑን በቁጥር አልጠራውም፤ ማኪያቶ አንድ ብር ያልሞላበት፣ ጋሪ ከገበያ እስከ ሰሜን በሃምሳ ሳንቲም የሚወስድበት ጊዜ ነበር ብል የሚያውቅ ያውቀዋል። ወንዱ ትከሻው የሰፋ ኮት ከነጭ ካልሲ ጋር ይለብስ ነበር፤ ሴቷ ፐርም ተቀብታ፣ ፀጉሯ እስኪደርቅ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀች መንገደኛ ታያለች። ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ስለሚያወጣ ሰፈሩ ሁሉ ሳምንቱን በአንድ ዘፈን ነበር የሚውለው፤ ሥጋ ቤቱም፣ ልብስ ሰፊውም፣ እኔም ሳናውቀው በዚያው ምት እንራመዳለን። እኔ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ነኝ፤ ለአንድ ዓመት ብዬ መጥቼ መቐለ አግብቼ ቀረሁ። ፎቶ ቤቴ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር፣ ግድግዳው ድንጋይ ጣሪያው ቆርቆሮ። መጋረጃው ላይ ባሕርና ዘንባባ አሥዬበታለሁ፤ ሠዓሊውም እኔም ባሕር የሚባል ነገር በዐይናችን አይተን አናውቅም። ከመስተዋቱ አጠገብ ማበጠሪያ በክር ታስሮ ይንጠለጠላል፣ ምስማሩ ላይ አንድ ኮትና ሦስት ክራባት አሉ፤ ኮት የሌለው ሰው እሱን ለብሶ ይነሣል። የከተማው ጎረምሳ ግማሹ በአንድ ኮት የተነሣ ነው፤ ዛሬም በየቤቱ አልበም ሲገለጥልኝ ኮቴን አውቃታለሁ።

ሥራ ማለት ግን ጥር ነበር። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ከተማው በሙሉ ይዳራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ትንሣኤ ሠርግ የለም። የዓመቱን እንጀራ በእነዚያ እሑዶች መያዝ ነበረብኝ። አንዱን እንቢ ካልኩት ወንድሙም የአጎቱ ልጅም ሄዱ ማለት ነው፤ ስለዚህ እንቢ ማለት አላውቅም ነበር። በአንድ እሑድ ሁለት እይዛለሁ፣ አንዳንዴ ሦስት። እንዴት ትደርሳለህ ሲሉኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ ደብተሬን አሳያቸዋለሁ። ደብተሩ በሁለት ረድፍ የተሰመረ ነው። በአንደኛው ረድፍ ሰዎቹ የነገሩኝን ሰዓት እጽፋለሁ፤ በሁለተኛው እውነተኛውን። እውነተኛውን እንዴት አወቅኸው? እጠይቃለኋ! የሙሽራው ወገኖች ከገጠር ነው የሚመጡት ከከተማ? መኪናው የዘመድ ነው የኪራይ? ሚዜዎቹ ስንት ናቸው? ሚዜ በበዛ ቁጥር ሩብ ሰዓት ጨምር፤ መኪናው የዘመድ ከሆነ ግማሽ ሰዓት፤ ሙሽራው ነጋዴ ከሆነ አንድ ሰዓት፣ ሱቁን ሳይዘጋ አይመጣምና። እንዲህ እያልኩ እደምራለሁ። በአብዛኛው አልሳሳትም ነበር። ሰው ሁሉ «አቤት ይሄ ሰውዬ፣ ልክ ልንጀምር ስንል ከተፍ!» ሲለኝ በኩራት እጠግባለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርኽቲ የምትባል ልጅ ብቻዋን መጣች። ቀን ለማስያዝ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የሙሽራው ወንድም ወይ ሚዜ ነው፤ ሙሽራዋ ራሷ ስትመጣ ብዙ አላየሁም። ቀጭን፣ ሻሿን አጥብቃ ያሠረች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። አባቷ መምህር ተኽለ መሆናቸውን ነገረችኝ። ስማቸውን ሰምቼዋለሁ፤ ሰሜን ሰፈር ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ደወል ሲደወል የትምህርት ቤቱን በር በገዛ እጃቸው ይዘጉ ነበር የሚባሉ ሰው።

«አባቴ ልክ ስድስት ሰዓት ብለዋል» አለች።

«ልክ ስድስት ስንት ሰዓት ነው?» አልኳት። የተለመደች ቀልዴ ነበረች፣ ሁሉም ይስቅባታል። እሷ አልሳቀችም።

«ስድስት ሰዓት ነው ሓወይ፣ ወንድሜ። አባቴ ታመዋል። መድኃኒታቸውን አምስት ተኩል ላይ ሲውጡ ሕመሙ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይለቃቸዋል፤ ያኔ መቆም ይችላሉ። ከሰባት በኋላ አይችሉም። ልጄን ቆሜ ነው የምድራት ብለዋል። እኔ ነገ ከባለቤቴ ጋር ጅማ ነው የምሄደው፤ ተመልሼ አገኛቸው አላገኛቸው አላውቅም። አጠገቤ ቆመው አንዲት ፎቶ ብቻ ነው የምፈልገው። ቀለበቱም ሚዜዎቹም ባይነሡ ግድ የለኝም። በጃኻ፣ እባክህ።»

«ነገ» ያለችው የሠርጉን ማግስት መሆኑ ገብቶኛል። ሁሉም ነገር ገብቶኛል። አዘንኩላትም፣ ከልቤ ነው ያዘንኩላት። «እሺ እኅቴ፣ ስድስት ሰዓት እዚያ ነኝ» አልኳት። ስትወጣ ደብተሬን አወጣሁ። በመጀመሪያው ረድፍ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ረድፍ ግን ሰባት። እጄ ለምን እንደዚያ እንደጻፈ ዛሬ ብዙ ሰው ሊገርመው ይችላል፤ እኔን ያኔ አልገረመኝም። ሙሽራ ከአባቷ ቤት የምትወጣው የሙሽራው ወገን ሲመጣ ነው፤ የሙሽራው ወገን ደግሞ በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም። እነሱ ሲዘገዩ ቤተሰቡ መድኃኒቱንም ዘግየት አድርጎ ይሰጣቸዋል ብዬ አሰብኩ። የሰው በሽታ እንኳ ያረፍዳል ብዬ ነበር ያሰላሁት። እንዲያውም ለሌላው እስከ ሁለት ሰዓት የምጨምረውን ለመምህር ተኽለ በአክብሮት አንድ ብቻ ጨመርኩ፤ በዚህም ራሴን አመስግኜ ነበር።

እሑዱ ደረሰ። መጀመሪያ ዓዲ ሓቂ አንድ ሙሽራ አጅቤ ማንሣት አለብኝ፤ አራት ሰዓት ብለውኛል፣ አምስት ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚያ ሰሜን፣ መምህር ተኽለ ቤት። ከዚያ ወደ ቃላሚኖ በሚወስደው መንገድ ሌላ ሠርግ፤ ስምንት ብለውኛል፣ ዐሥር ብዬ ጽፌያለሁ። ሁልጊዜ የሚያመላልሰኝ ባለጋሪ አያ ሓጎስ ነበር፤ ግራጫ ፈረሱን ከራሱ ልጆች አብልጦ የሚወድ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው። ዓዲ ሓቂ ስንደርስ አምስት ሰዓት ነው። ግቢው ውስጥ ሙሽራው በሸሚዝ ሆኖ ቁርስ ይበላል። ኮቱ ሰፍቶት ወደ ልብስ ሰፊ ተመልሷል አሉ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የጥር ነፋስ አቧራውን እያነሣ ይደፋብኛል፣ ካሜራዬን በጃኬቴ ሸፈንኩት። አምስት ከሩብ። አምስት ተኩል። አሁን መምህር ተኽለ መድኃኒታቸውን ውጠው ይሆን የሚል ሐሳብ ብልጭ አለብኝና፣ የለም፣ ገና ነው ብዬ ገፋሁት።

አያ ሓጎስ ፈረሱን ሣር እያበላ «ቀጥሎ የት ነው?» አለኝ።

«ሰሜን፣ መምህር ተኽለ ቤት።»

«በስንት ሰዓት?»

«ስድስት ብለዋል፣ በሰባት እንደርሳለን።»

ሣሩን ጣለው። «መምህር ተኽለ ስድስት ካሉ ስድስት ነው! እኔ እዚያ ነው የተማርኩት። አንድ ቀን አርፍጄ በሩ ላይ ከውሻ ጋር ቆሜ ውያለሁ። ንኺድ ሓወይ፣ አሁን እንሂድ። እነዚህ ገና ናቸው፣ አንሥተን እንመለሳለን።»

እንሂድ አለኝ እኮ። ከዓዲ ሓቂ ተነሥተን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እንደርስ ነበር። ተነሣሁ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ፣ አንድ እግሬን ጋሪው ላይ አሳረፍኩ። ልክ ያን ጊዜ ከግቢው ውስጥ «ኮቱ መጣ! ፎቶ አንሺው የት ሄደ? ሊወጣ ነው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ሓጎስ ልጓሙን ይዞ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። እግሬን አወረድኩ። «አንድ ዐሥር ደቂቃ ብቻ» አልኩት።

«ሊወጣ ነው» የተባለው ሙሽራ የወጣው ስድስት ከአርባ ነው። ከኮቱ በኋላ የአበባው ጉዳይ መጣ፤ ከአበባው በኋላ አንድ ሚዜ ጠፋ ተባለ። በዚያ ሁሉ መሐል ሰዓቴን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም። ስድስት ሰዓት ሲሆን አየሁት። ስድስት ከሩብ። ራሴን ማጽናናት ጀመርኩ፦ የሙሽራው ወገን ገና መንገድ ላይ ነው፣ ገና ልብስ እየለበሱ ነው፣ ማን በሰዓቱ ይመጣል። ስድስት ተኩል ላይ ማጽናናቱም አልሠራ አለ። ሄጄ እንዳልሄድ አሁን ይወጣል፤ ቆሜ እንዳልቆም ያቺ ልጅ «በጃኻ» ያለችው ጆሮዬ ላይ አለ። በመጨረሻ ሙሽራው ሲወጣ እንዴት እንዳነሣሁት አላስታውስም። ጭንቅላት የተቆረጠበት ሚዜ እንዳለ በኋላ ፎቶው ሲታጠብ አይቻለሁ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሪው ላይ ዘልዬ ወጣሁ። አያ ሓጎስ አንዲት ቃል ሳይናገር ፈረሱን ለቀቀው። ያ ፈረስ እንደዚያን ቀን ሮጦ አያውቅም። ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ስንገባ ግን መንገዱ ተዘግቶ አገኘነው። የሌላ ሠርግ አጃቢ መኪናዎቹን መሐል አስፋልት ላይ አቁሞ ወርዷል፤ ከበሮ ይመታል፣ ወጣቶቹ ክብ ሠርተው ትከሻቸውን እያርገፈገፉ ይዞራሉ። አያ ሓጎስ ቆሞ ጮኸ፣ ለመነ፤ ማን ይስማው። ሌላ ቀን ቢሆን ወርጄ አነሣቸው ነበር። ያን ቀን የሰውን ደስታ ረገምኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቦርሳዬን አቅፌ ዘለልኩና በሰዉ መሐል እየተጋፋሁ መሮጥ ጀመርኩ። ዳገቱን ስጨርስ ትንፋሼ አጥሮ ዐይኔ ጭጋግ ሆኗል። ሰዓቴ ሰባት ከሃያ አምስት ይላል።

መጀመሪያ የታዘብኩት ዝምታውን ነው። ሠርግ ቤት ነው፣ ዳስ ተጥሏል፣ በሩ ላይ የሙሽራው ወገን መኪናዎች ሪባን አስረው ተደርድረዋል፤ ግን ዘፈን የለም፣ ከበሮው መሬት ላይ ተቀምጧል። ሾፌሮቹ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብለዋል፤ አቀማመጣቸው የቆየ ሰው አቀማመጥ ነው። በኋላ እንደተረዳሁት የሙሽራው ወገን ስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ደርሶ ነበር። ሙሽራው ራሱ የመምህር ተኽለ ተማሪ፣ ከሚዜዎቹም ግማሹ ተማሪዎቻቸው። በዚያ ቤት ማርፈድን ማን ይደፍራል? አብሳዩ በሰዓቱ፣ ቄሱ በሰዓቱ፣ መድኃኒቱም በሰዓቱ ነበር። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። በር ላይ የቆመች ሴትዮ ስታየኝ ወደ ውስጥ «መጺኡ» አለች፤ መጣ ማለቷ ነው፤ በድምፅዋ ውስጥ ስድብ እንኳ አልነበረም።

መምህር ተኽለ ግቢው መሐል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ኪሳቸው ላይ ብዕር፣ ጫማቸው የሚያብለጨልጭ። ፊታቸው ግን አመድ መስሏል፤ ላብ ከግንባራቸው እየወረደ ኮሌታቸው ውስጥ ይገባል። ብርኽቲ በቬሎዋ መሬት ላይ ተንበርክካ እጃቸውን ይዛለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ብድግ ብለው ነበር አሉ። ማንም ሳይደግፋቸው፣ ክንዳቸውን ለልጃቸው ሰጥተው፣ ወደ በሩ እያዩ ቆመው ጠበቁኝ። ተቀመጡ ሲሏቸው «ሰውዬው ስድስት ሰዓት ብሏል፣ ቃል ሰጥቷል» ብለው እንቢ አሉ። ግማሽ ሰዓት ቆሙ። የነበራቸውን አቅም ሁሉ በሩን በማየት ጨረሱት። ስድስት ተኩል ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው። አልጋዎ ላይ ይረፉ ቢባሉም አልሰሙም።

ሁሉም ሰው እኔን ያየኛል። አፌን ስከፍት የወጣው ውሸት ነው። «የጋሪው ፈረስ አንክሶብን ነው መምህር፣ ይቅርታ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም፤ ደብተሬን ለመሸፈን ይሆናል። ሁለት ሰው «አይ ፈረሱን፣ ምስኪን» አለ። ያን ጊዜ አያ ሓጎስ ጋሪውን ውጭ አስሮ ገባ። አንዱ ወደ እሱ ዞሮ «ፈረሱ እንዴት ነው?» አለው። አያ ሓጎስ እኔን አየኝ፣ መምህሩን አየ፣ መሬት አየ። «ይሻለዋል» አለ።

መምህር ተኽለ ቀና ብለው ቆይተው አዩኝ። «እኔ ጋ አልተማርክም» አሉ።

«አልተማርኩም መምህር። ከደብረ ብርሃን ነው የመጣሁት።»

«አዎ። አውቄያለሁ።» ከዚያ ሚዜዎቹን «አንሡኝ» አሏቸው።

ሁለት ጎረምሶች በብብታቸው ገብተው አነሷቸው። ካሜራውን ወደ ዐይኔ አስጠጋሁ። በካሜራው መስኮት ውስጥ ያየሁት፣ ጫማቸው መሬት ላይ ሲጎተትና ጭንቅላታቸው ልጃቸው ትከሻ ላይ ሲወድቅ ነው። «ልቀቁኝ፣ ብቻዬን» አሉ። ለቀቅ ሲያደርጓቸው እንደ ባዶ ጆንያ ታጠፉ፤ ሙሽራዋ ጮኸች፣ ሰው ተረባረበ፣ ወንበሩ ላይ መልሰው አስቀመጧቸው። እኔ አላነሣሁም፣ ጣቴ እንቢ አለኝ። ትንሽ ቆይተው በቀጭን ድምፅ «እንግዲህ ተቀምጬ አንሣኝ፣ ልጆቹ መንገድ አለባቸው» አሉ። አራት ጊዜ አነሣኋቸው። ብርኽቲ አጠገባቸው ቆማ ፈገግ ለማለት ታገለች።

ከግቢው ስወጣ አያ ሓጎስ ፈረሱን ይፈታል። «ሌላ ጋሪ ፈልግ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ ከዚያ ቀን በኋላም አሳፍሮኝ አያውቅም። በእግሬም በሌላ ጋሪም ብዬ ሦስተኛው ሠርግ ስምንት ተኩል ላይ ደረስኩ። ሙሽራው ጢሙን እየተላጨ ነበር። ዛፍ ሥር አስቀመጡኝ፣ ስዋ የሚሉትን ጠላቸውን በትልቅ ጣሳ ሰጡኝ። እዚያ ካሜራዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ቁጭ አልኩ። ልክ ዐሥር ሲሆን ጀመሩ፣ ደብተሬ አልተሳሳተም። ያን ስዋ ስጠጣ ያለቀስኩትን ልቅሶ ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ያኔ የቀለም ፊልም የሚታጠበው አዲስ አበባ ነው፤ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ሄዶ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ይፈጅ ነበር። ፎቶው ሲመጣ መምህር ተኽለ ካረፉ ሰባት ቀናቸው ሆኖ ነበር። በአራቱም ፎቶ ላይ ዐይናቸው ተከድኗል። ለቤተሰቡ ሳስረክብ አንገቴን ቀና ማድረግ አቅቶኝ ነበር፤ እነሱ ግን እንደ ደንቡ አመስግነው ወሰዱ።

በዓመቱ ብርኽቲ ከጅማ መጣች። ነፍሰ ጡር ነበረች። ፎቶ ቤቱ ገብታ ባሕሩንና ዘንባባውን ስታይ ቆየችና «አጥበህ ያልሰጠኸን ፎቶ ይኖር ይሆን ብዬ ነው» አለችኝ። የፊልሙን ቁርጥራጭ አውጥቼ ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ሄዳ አንድ በአንድ በብርሃን አየቻቸው። ፊልም ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው፤ የአባቷ ግራጫ ልብስ ፈዞ፣ ፊታቸው ጠቁሮ ነው የሚታየው። ሠላሳ ስድስቱንም አየች፤ የሌላ ሰው ሠርግ ያለበትን ሳይቀር፣ ምናልባት ከኋላ ቆመው ይሆናል ብላ ነው መሰለኝ።

«ቆመው ያሉበት የለም?»

«የለም እኅቴ።»

«እሺ» ብላ ፊልሙን በጥንቃቄ ጠቅልላ መለሰችልኝ። በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ዞር አለችና «ፈረሱስ ዳነ?» አለችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ብቻችንን ነን፣ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። «ድኗል» አልኳት። «የቐንየለይ» ብላ፣ አመስግናኝ ሄደች። ደብተሩን ያን ዕለት ቀዳድጄ ጣልኩት፤ ከዚያ ወዲህም በአንድ ቀን ከአንድ ሠርግ በላይ ይዤ አላውቅም። የዓመቱ እንጀራ ቀነሰ፤ አንዳንዱ ሰነፈ አለኝ፣ አንዳንዱ ጠገበ አለኝ። ለማንም ምክንያቱን አልተናገርኩም።

ይህን ሁሉ ዓርብ ዕለት ለሰላም ነገርኳት። አምስት ደቂቃዬ ካለቀ ቆይቷል፤ ስልኳ ሁለት ጊዜ ጮኾ ሁለት ጊዜ አጠፋችው። ስጨርስ ስልኳን ከፍታ እሑድን እንደገና አየቻት።

«ግን አባ» አለች በመጨረሻ፣ «ከሦስቱ የትኛዋ እንደ መምህር ተኽለ ልጅ እንደሆነች በምን አውቃለሁ?»

«አታውቂም። እኔን ነግራኝም አላወቅኩም።»

ጥፍሯን ነከሰች። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ለአንዷ ሙሽራ ሌላ ሰው ለመፈለግ የቀረው አንድ ቀን ነው፤ ቃሏን ካጠፈች ደግሞ ነገ ስሟ በከተማው ይነሣል። ይሄ ሁሉ በፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት። እኔም በሆዴ፣ ምን አገባኝ፣ የልጄን ሥራ ላበላሽባት ነው እንዴ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ስልኳን አነሣችና መጀመሪያ ለአንዲት የሙያ ጓደኛዋ ደወለች፤ እሑድ ነፃ መሆኗን ጠየቀች፣ ነኝ አለቻት። ቀጥላ ሰዓቷ ከሁለቱም ጋር ለሚጋጨው ለሰሜኗ ሙሽራ ደወለች።

«ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ሰላም ነኝ» አለች። «እሑድ እኔ አልመጣልሽም። ከእኔ የማታንስ ልጅ አግኝቼልሻለሁ፣ በሰዓቱ ትደርስልሻለች።» ከወዲያኛው በኩል ጩኸቱ እኔ እስከተቀመጥኩበት ተሰማ። ለምን፣ ምን ሆነሽ፣ ታመሽ ነው ወይ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው ወይ ትላለች። ልጄ የሚዋሽ ነገር አላጣችም፤ ልጅቷ ራሷ ምክንያቱን እየደረደረችላት ነበር፣ አንዱን አዎ ብትላት ይበቃ ነበር። ዐይኗን ጨፈነች።

«አልታመምኩም» አለች። «ሦስት ሠርግ ነበር የያዝኩት። አንቺንም ታረፍጃለሽ ብዬ ነው የያዝኩሽ።»

ሙሽራዋ ሰደበቻት። ረዥም ስድብ ነበር፤ ሰላም ሳታቋርጣት እስከ መጨረሻው ሰማች፤ እንባዋ ኩሏን ይዞ ወረደ። እኔ መስኮቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። ልጄ በሁለት ደቂቃ የተናገረቻትን ያቺን ነገር፣ እኔ ለብርኽቲ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።